ምዕራፍ ሰባት፦ ስለ ሳል የሚደረግ ምክክር

ከአሶሳ ተነሥቶ በባምባሲ አልፎ ወደ ደቡብ የሚዘልቀው መንገድ የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ መቀመጫ ወደ ሆነችው ወደ ቶንጎ ያደርሳል። አሶሳ ራሷ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለችና፥ ቶንጎ የደረሰ መንገደኛ ከአገሪቱ ምዕራባዊ ወሰን እምብዛም አይርቅም። በዚህ አገር ማኦውና ኮሞው፣ ጓማውና ኦሮሞው፣ በርታውም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ ከወሰን ማዶ የመጣው ዐረብኛም በገበያው ይሰማል። ዝናሙ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ስለማይለቅ፥ በእነዚያ ወራት ቤተ ሰብ ሁሉ ከእርሻው ሲመለስ ጢስ በሞላበት በአንድ ጣራ ሥር ተጠጋግቶ ያድራል፤ ተጠጋግቶ በሚያድር ሰው መካከል ደግሞ የመተንፈሻ አካል ደዌ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር አይቸገርም። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከጤና ጣቢያው ደጃፍ ተራ ከሚጠብቁት ሕሙማን ብዙዎቹ ሳል፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የጆሮ ሕመም፣ የአፍንጫ መታፈን ይዘው የመጡ ናቸው።

በዚህ ምዕራፍ ልመረምረው የተነሣሁት ጥያቄ፥ ሳል ይዞ የመጣ ሰው አንቲባዮቲክ የምንለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ይውሰድ ወይስ አይውሰድ የሚለውን ፍርድ የሚሰጠው ማን ነው የሚል ነው። ልማዱ ሥራውን ለሁለት ከፍሎታል፤ ከጠረጴዛው በስተኋላ የተቀመጠው ያዝዛል፥ በስተፊቱ የተቀመጠው ይቀበላል። እኔ ግን ፍርዱ የሁለቱም ነው እላለሁ፤ የፍርዱ ማስረጃ ራሱ በሁለቱ መካከል ተከፋፍሎ ስለሚገኝ፥ ሐኪሙ የደዌውን ባሕርይ ቢያውቅ የሕመምተኛውን ቤትና መንገድ፣ ፍርሃትና አቅም አያውቅምና፥ ሕመምተኛውም ይህን ሁሉ ቢያውቅ የደዌውን ባሕርይ አያውቅምና፥ አንዱ ያለ ሁለተኛው ትክክለኛ ፍርድ ሊሰጥ አይችልም።

አስቀድሞ የደዌውን ባሕርይ እንመልከት። ጉንፋን፣ አብዛኛው የጉሮሮ ሕመም፣ ጉንፋንን ተከትሎ የሚመጣው የደረት ሳልም የሚነሡት በቫይረስ ነው፤ ፔኒሲሊን፣ አሞክሳሲሊን፣ አዚትሮማይሲን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ደግሞ የሚሠሩት በባክቴሪያ ላይ ነው። ፔኒሲሊንና ወገኖቹ ባክቴሪያው የሚከለልበትን ቅጥር እንዳይታነጽ በማድረግ ይገድሉታል፤ ቫይረስ ግን እንዲህ ያለ ቅጥር የለውምና መድኃኒቱ የሚመታው ነገር አያገኝም። ይህ ትምህርት በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይነበባል፤ ሆኖም ልማዱን አልለወጠውም። ያልለወጠበትም ምክንያት ሕዝቡ ትምህርት ስለ ጠላ አይመስለኝም፤ ሰው ከተለጠፈ ወረቀት ይልቅ በገዛ ሰውነቱ ያየውን የሚያምን ስለ ሆነ ነው።

በገዛ ሰውነቱ ያየው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ሳል ስንት ቀን ይቆያል ብሎ ቢጠይቃቸው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ቀን ብለው መለሱ፤ በብዙ ምርመራ የተለካው እውነተኛው ጊዜ ግን በአማካይ 18 ቀን ያህል ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ በዚህ ልዩነት ውስጥ የሚሆነውን አስቡት። ሰውየው ስድስትና ሰባት ቀን ታግሦ፥ ሳሉ ሊለቀው እንደሚገባ ባሰበበት ቀን ስላልለቀቀው ይጨነቃል፤ ሐኪም ቤት ሄዶ ካርድ ያወጣል፥ ካፕሱሉን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ደዌው በራሱ ሕግ ሊበርድ በደረሰበት ሰሞን ይበርዳል፥ ምስጋናው ግን ለካፕሱሉ ይሰጣል። በሚመጣው ክረምት ሳሉ እንደ ጀመረው በሁለተኛው ቀን ይሄዳል፤ ጎረቤቱንም እንዲሁ ይመክራል። ሰውየው የተሳሳተው በቀን ቈጠራ ብቻ ነው፤ ስለዚህም ሊታረም የሚገባው በተግሣጽ ሳይሆን ትክክለኛውን የቀን ቍጥር በመንገር ነው።

መድኃኒቱ በእውነት ሳሉን ያሳጥር እንደሆነ ለማወቅ በ12 የአውሮፓ አገሮች የሳንባ ምች ያልተጠረጠረባቸው 2061 ዐዋቂዎች ተመርምረዋል፤ ለግማሾቹ አሞክሳሲሊን፣ ለግማሾቹ መልኩ እርሱን የመሰለ መድኃኒት አልባ እንክብል ተሰጣቸው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ውጤት እንዳስረዳው፥ ሕመሙ በቆየበት ጊዜ በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም፤ መድኃኒቱን ከወሰዱት ከ30 ሰዎች አንዱ ሕመሙ እንዳይብስበት ሲጠቀም፥ ከ21 ሰዎች አንዱ ደግሞ በማቅለሽለሽ፣ በተቅማጥ ወይም በሽፍታ ተጐድቷል። ሕመምተኛው ሊሰማው የሚገባው ይህን የመሰለ ነገር ነው፤ ጥቅሙና ጕዳቱ ጎን ለጎን ሲነገሩት እርሱም መመዘን ይችላል።

ነገር ግን በብዙ የምርመራ ክፍል ውስጥ ይህ አይነገርም፤ በስፍራው ያለው የሁለት ወገን ዝምታ ነው። ልጇን ይዛ የመጣች እናት የልጇ የሌሊት አተነፋፈስ እንዳስፈራት ሳትናገር ትቀመጣለች፤ የጤና ባለሙያውም እናቲቱ ሽሮፕ ፈልጋ እንደ መጣች በልቡ ፈርዶ፥ ባዶ እጅዋን ብትመለስ ታዝንብኛለች ብሎ ያዝዛል። ይህ ግምት ምን ያህል ኃይል እንዳለው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የአሜሪካ የሕፃናት ሕክምና ጥናት አሳይቷል፦ ሐኪሞቹ ወላጁ መድኃኒት ይፈልጋል ብለው በገመቱ ጊዜ በቫይረስ ለመጣ ሕመም ከመቶ 62 ጊዜ ፀረ ባክቴሪያ ሲያዝዙ፥ አይፈልግም ብለው በገመቱ ጊዜ ያዘዙት ከመቶ 7 ብቻ ነበር። ወላጁ በእውነት የፈለገው ነገር ግን ከማዘዣው ጋር ዝምድና አልተገኘለትም። የወላጆቹም ደስታ የተመዘነው መድኃኒት በማግኘታቸው ወይም ባለማግኘታቸው ሳይሆን፥ ሐኪሙ እንደ ጠበቁት ስላነጋገራቸው ወይም ስላላነጋገራቸው ነበር። መድኃኒቱ እንግዲህ ሕመምተኛው ባልጠየቀው፥ ሐኪሙም ባላመነበት ጊዜ እንኳ በዝምታው መካከል አልፎ ይወጣል ማለት ነው።

ይህን ዝምታ ለመስበር የተደረገው ሙከራ ተመዝግቦ ይገኛል። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ መርማሪ ማኅበር እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2015 ባወጣው ሐተታ፥ ሐኪሞች ከሕሙማን ጋር ተመካክረው እንዲወስኑ ሥልጠናና የመነጋገሪያ ጽሑፍ በተሰጠባቸው ስፍራዎች፥ ለመተንፈሻ አካል ሕመም የሚታዘዘው ፀረ ባክቴሪያ ከመቶ 47 ወደ 29 መውረዱን ገልጿል፤ የሕሙማኑ ደስታ ስለዚህ መቀነሱ አልታየም። ሐተታው ከ1100 በላይ ሐኪሞችንና ወደ 492 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን የያዘ ነውና ቀላል ምስክር አይደለም።

ሆኖም ጥናቶቹ የተደረጉት በአውሮፓና በካናዳ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት መቈየት ይገባናል፤ ምክንያቱም የሌላውን አገር መልካም ሥርዓት ሳይመረምር እንዳለ የሚያመጣ ሰው፥ ከሥርዓቱ ጋር ለገዛ አገሩ ሞት ሊያመጣ ይችላል። ቶንጎ ላይ «ታገሡ፥ ሳሉ በራሱ ይለቃል» የሚለው ምክር ልክ የማይሆንባቸው ሦስት ደጆች አሉ።

የመጀመሪያው የሕፃናት የሳንባ ምች ነው። በአገራችን ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ከሚገድሉት ደዌዎች አንዱና ከባዱ እርሱ ነው። መለያውም መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሕፃኑ ሳያለቅስና ሳይጠባ በጸጥታ ሳለ፥ ደረቱ በአንድ ሙሉ ደቂቃ ስንት ጊዜ እንደ ተነሣ መቍጠር ነው። ሁለት ወር ላልሞላው 60፣ ከሁለት ወር እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ላለው 50፣ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ላለው 40 የደረሰ ወይም ያለፈ እንደ ሆነ ፈጣን አተነፋፈስ ይባላል፤ የታችኛው ደረቱ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ውስጥ የሚሰረጕድ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ ብሷል። መንግሥት በ1995 ዓ.ም. የጤና ኤክስቴንሽንን ሥራ ከጀመረ በኋላ፥ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህን ቈጥራ ራሷ መድኃኒት እንድትሰጥ የተፈቀደላት ወደ ሐኪም ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም በመሆኑ ነው። በዚያው ዘመን የመጡት ክትባቶች፥ በ1999 ዓ.ም. የሂብ፣ በ2004 ዓ.ም. የኒሞኮከስ ክትባት፥ ከሳንባ ምች መንሥኤዎች ሁለቱን ዋና ዋናዎች ስለሚከላከሉ፥ ለመድኃኒቱ የሚደረገውን ፍላጎት ገና ከምንጩ ይቀንሱታል፤ ይህ ጥቅማቸው እንደሚገባው ሲነገር አልሰማም።

በዚህ ደጅ ላይም ቢሆን ምክክር ቦታ አለው። በማላዊ ፈጣን አተነፋፈስ እንጂ ሌላ የአደጋ ምልክት በሌለባቸው ሕፃናት ላይ የተደረገ፥ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፥ አሞክሳሲሊን ከወሰዱት ከመቶ 4ቱ፣ መድኃኒት አልባውን ከወሰዱት ከመቶ 7ቱ በአራተኛው ቀን ሳይሻላቸው እንደ ተገኙ ይናገራል። እንግዲህ ከመቶው 93ቱ ያለ መድኃኒት ድነዋል፤ በመድኃኒት የተረፉት ሦስቱ ናቸው። አንድ የለንደን ሐኪም ሦስቱን ጥቂት ሊል ይችላል፤ ሕፃኑ ቢብስበት በሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይመጣልና። እኔ ግን ወንዝ ሞልቶ መንገድ በሚዘጋበት፥ ሕፃኑ ከሰውነት መጐሳቈል ጋር በሚታመምበት አገር ስለ ሦስቱ ብሎ ለመቶው መስጠት ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ፍርዱን የሚለውጠው የመድኃኒቱ ኃይል ሳይሆን የመመለሻው መንገድ ርዝመት ነው፤ የመንገዱን ርዝመት ደግሞ የምታውቀው እናቲቱ ናት።

ሁለተኛው ደጅ ቶንሲል የምንለው የጉሮሮ ሕመም ነው። በአውሮፓ ሚዛን ሲታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከመቶ ሕሙማን 82ቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ያለ መድኃኒት ይድናሉ፥ መድኃኒቱም ሕመሙን የሚያሳጥረው በአማካይ በ16 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ከጉሮሮው በስተኋላ ልብ አለ። ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ከያዘ በኋላ፥ ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመዋጋት ያሰለፈው ሠራዊት ተሳስቶ የገዛ ልቡን በሮች ይወጋል፤ ከዚህም የሩማቲክ የልብ ሕመም ይወለዳል። በስድስት የአገራችን ክልሎች በተማሪዎች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ፥ ከሺህ ተማሪዎች 19ኙ ይህ ሕመም ተገኝቶባቸዋል። በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የሚገኘው የልብ ማዕከል ደጅ ላይ ሺዎች ሕፃናት የቀዶ ሕክምና ተራ የሚጠብቁት ከዚሁ የተነሣ ጭምር ነው።

ስለዚህ በአምስት ዓመትና በዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜ መካከል ያለ ልጅ ሳልና የአፍንጫ ፈሳሽ ሳይኖረው ትኵሳት ይዞት፥ ጉሮሮው መግል አዝሎ፥ የአንገቱ ዕጢዎች አብጠው ቢያሙት ፔኒሲሊን ይገባዋል፤ በዚህ የሚከራከር የአገሩን ደዌ የማያውቅ ነው። የሚያስደስተው ነገር ይህ ባክቴሪያ እስከ ዛሬ ለፔኒሲሊን እጁን እንደ ሰጠ መኖሩ ነው፤ ውድና ሰፊ መድኃኒት ፍለጋ መባዘን አያስፈልግም። ሌላም የሚያጽናና ነገር አለ፦ ሕመሙ በጀመረ በዘጠኝ ቀን ውስጥ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ይጠብቃል። ስለዚህ ያጠራጠረ እንደ ሆነ አንድና ሁለት ቀን ቈይቶ ዳግመኛ መመርመር ልጁን አይጐዳውም፤ ሐኪሙና ወላጁ ለመመካከር ጊዜ አላቸው። እንጥል መቍረጥ ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ ስፍራ የለውም፤ ልብን አያድንም፥ ደም ያፈስሳል፥ ቍስሉም ለሌላ ደዌ በር ይከፍታል።

ሦስተኛው ደጅ የሳንባ ነቀርሳ ነው። ሳል 18 ቀን ሊቈይ እንደሚችል ለሕመምተኛው መንገር መልካም መሆኑን ከላይ ተናግሬአለሁ፤ በአገራችን የሕክምና መመሪያ ግን ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቈየ ሳል ሁሉ ለነቀርሳ መመርመር አለበት። የሁለቱ ቍጥሮች ግጭት ለቶንጎ ሐኪም ዕለታዊ ጕዳይ ነው፤ መፍትሔውም ትዕግሥቱን በሁለት ሳምንት መወሰን ነው፦ እስከዚያ ድረስ ጠብቅ፥ ከዚያ ካለፈ አክታህን ይዘህ ና። ማንም ከሱቅ የሚገዛው ፀረ ባክቴሪያም በዚህ ረገድ አደገኛ ነው፤ ፍሎሮኪኖሎን የሚባለው ዘር የነቀርሳውን ባክቴሪያ ለጊዜው አድክሞ ምልክቱን ስለሚሸፍን፥ ሕመምተኛው የተሻለው መስሎት እያለ ደዌውን ለቤተ ሰቡ ሲያስተላልፍ ይቈያል።

ከእነዚህ ደጆች ውጪ ያለው ሳልና ጉንፋን ግን፥ እርሱም እጅግ የሚበዛው ነው፥ ፀረ ባክቴሪያ አያስፈልገውም፤ ያለ ፍላጎት የተሰጠውም መድኃኒት ያለ ዋጋ አይቀርም። ገበሬ ማሳውን ሲያርም የደከመውን አረም ነቅሎ የበረታውን ቢተወው፥ በሚመጣው ዓመት ማሳውን የሚሞላው የበረታው ዘር እንደሚሆን ሁሉ፥ መድኃኒቱም በሆዳችንና በጉሮሯችን የሚኖሩትን ደካማ ባክቴሪያዎች ገድሎ የበረቱትን ይተዋል። ይህ የሩቅ ዘመን ሥጋት ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ይህን ይስማ፦ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የጥናቶች ሐተታ ለመተንፈሻ አካል ወይም ለሽንት ሕመም ፀረ ባክቴሪያ የወሰደ ሰው በገዛ ሰውነቱ ውስጥ መድኃኒቱን የተላመዱ ባክቴሪያዎች እንደሚበዙበት፥ ይህም በመጀመሪያው ወር በርትቶ እስከ ዐሥራ ሁለት ወር ሊቈይ እንደሚችል አስረድቷል። ስለ መላመድ ለሕዝብ ሲነገር ሁልጊዜ «ለትውልድ» እየተባለ ነው፤ ለትውልድ መሆኑ እውነት ነው፥ ነገር ግን ለጉንፋኑ ካፕሱል ውጦ በስድስተኛው ወር የሳንባ ምች የያዘው ሰው መድኃኒቱን በራሱ ላይ ጨርሶት ሊሆን እንደሚችል መንገር የበለጠ እውነትና የበለጠ ቅርብ ነው።

ፔኒሲሊንን እ.ኤ.አ. በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ይህን አስቀድሞ አይቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ ወር 1945 ስለ ኖቤል ሽልማቱ ባደረገው ንግግር መጨረሻ አንድ ምሳሌ ተናገረ፤ ጉሮሮውን የታመመ አንድ ሰው ፔኒሲሊን ገዝቶ በራሱ ፈቃድ ጥቂት ይወስዳል፥ ባክቴሪያውን ለመግደል የማይበቃ፥ ለማስተማር ግን የሚበቃ መጠን፤ ከዚያም ደዌውን ለሚስቱ ያስተላልፍባታል፥ እርሷም የሳንባ ምች ይይዛታል፥ ባክቴሪያው መድኃኒቱን ተላምዷልና በፔኒሲሊን ብትታከምም ትሞታለች። ምሳሌው ስለ ጉሮሮ ሕመም፣ ስለ ባልና ሚስት፣ ያለ ሐኪም ስለ ተገዛ መድኃኒት መሆኑ ያስደንቀኛል፤ መላው ዓለም ዛሬ የሚጨነቅበት ነገር በአንድ ቤት ውስጥ ተጠቅልሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በዓለም ላይ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት ሆነዋል።

በአገራችን ሕግ ፀረ ባክቴሪያ ያለ ማዘዣ እንዲሸጥ አይፈቀድም። ሆኖም በጎንደር ከተማ ተመራማሪዎች ሕመምተኛ አስመስለው የላኳቸው ሰዎች ስለ ተቅማጥና ስለ መተንፈሻ ሕመም እየተናገሩ ወደ መድኃኒት ቤቶች መቶ ጊዜ ቢገቡ፥ በሰማንያ ስድስቱ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የሆነ መድኃኒት ይዘው ወጥተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይኸው ጥናት እንደሚለው ለመተንፈሻው ሕመም ከተሰጡት ፀረ ባክቴሪያዎች የመጀመሪያው አሞክሳሲሊን ነበር። ስለዚህ የምርመራ ክፍሉ ምክክር በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ሊፈርስ ይችላል፤ በምክክር ያልረካ ሕመምተኛ ከሐኪሙ ክፍል ወጥቶ ሃምሳ እርምጃ ቢሄድ የፈለገውን ያገኛል። ሕመምተኛው መድኃኒት ተከለከልኩ ብሎ ሳይሆን ነገሩ ገብቶት እንዲወጣ ማድረግ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

ምክክሩ እንዴት ያለ መልክ እንዲኖረው እንደምመኝ በምሳሌ ላሳይ። እንበል፥ አንዲት እናት የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ ቶንጎ ትመጣለች፤ ልጁ ሲያስል አራተኛ ቀኑ ነው። የተቀበላት ወጣት የጤና መኮንን መጽሐፉን ከመክፈቱ በፊት «እናቴ፥ ከሁሉ ይልቅ ያስፈራዎት የቱ ነው?» ብሎ ይጠይቃታል። «ሌሊት ሌሊት ያፍነዋል ዶክተር፤ አምና የጎረቤቴን ልጅ እንዲሁ ጀምሮት ነው የወሰደው» ትላለች። ይህን ቃል ማንኛውም ማዳመጫ ሊሰማው አይችልም ነበር። ከዚያ የልጁን ልብስ ገልጦ፥ እናቲቱም እንድታይ አድርጎ፥ ድምፁን ከፍ አድርጎ አንድ ደቂቃ ይቈጥራል፤ 34 ይሆናል። «አርባ ቢሆን ኖሮ መድኃኒት ሳልሰጥዎ አላሰናብትዎትም ነበር፤ ደረቱም አይሰረጕድም። አሁን ብሰጥዎ ሳሉን አያሳጥርለትም፥ ሆዱን ሊያስቀምጠው ይችላል። ባልሰጥዎ ግን ነገ ቢብስበት እንዴት ይመለሳሉ?» «መንገዱስ ሁለት ሰዓት ነው፤ ወንዙ ከሞላ ግን አያሻግርም።» «እዚህ ከተማ የሚያድሩበት ዘመድ አለዎት?» «እኅቴ አለች።» «እንግዲያው ዛሬ ከእኅትዎ ዘንድ ይደሩ፤ ነገ ጧት ዳግመኛ እንቈጥረዋለን።» ዘመድ ባይኖራት ኖሮ መልሱ ሌላ ይሆን ነበር፤ ወይም የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በሁለተኛው ቀን ትቈጥረው ነበር፥ ወይም መድኃኒቱ ከነምልክቱ ተነግሯት በእጇ ይሰጣት ነበር። ደዌው አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን እንደ ቤቱ ይለያያል።

ሕፃኑ ወደ ቤት የሚሄድ ከሆነ የሚያስመልሱት ምልክቶች በእናቲቱ አፍ ተደግመው መሰማት አለባቸው፦ መጥባት ወይም መጠጣት ካቃተው፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ካስቸገረው፣ ትኵሳት ከያዘው፣ ሕመሙ ከባሰበት ወዲያው ትመልሰዋለች። እስከዚያ ለጉሮሮው ሞቅ ያለ መጠጥ፥ አንድ ዓመት ለሞላው ልጅ ደግሞ ማር ይበቃዋል፤ ማር የልጆችን የሌሊት ሳል እንደሚያስታግሥ በጥናት ተረጋግጧል፥ የምዕራቡ አገራችን ሰውም ማር አይቸግረውም። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባለውን ደዌ የሚያመጣ ብርቱ መርዝ የሚያፈልቅ ባክቴሪያ ሊኖርበት ይችላል።

በዚህ ሁሉ ትልቁ መሰናክል ቋንቋ ነው። የጤና መኮንኑ አማርኛና ኦሮምኛ ቢያውቅ፥ እናቲቱ ጓማ ወይም ኮሞ ብቻ ብታውቅ፥ በመካከላቸው የሚያስተረጕመው ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ የተገኘ ዘመድ ወይም ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ነው። «ስንት ቀን ሆነው?» የሚለው በዚህ መንገድ ሊያልፍ ይችላል፤ «ከሁሉ ይልቅ ያስፈራዎት የቱ ነው?» የሚለው ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ለአስተርጓሚ የሚወጣው ገንዘብ እንደ መድኃኒት ወጪ ሊቈጠር ይገባል፤ የአደጋ ምልክቶቹም ፊደል ለማያነብ ሰው በሥዕል ተዘጋጅተው ሊሰጡ ይገባል። ከቀበሌው የተወለደች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛም በዚህ ረገድ ከአሶሳ ከሚመጣ ማንኛውም ባለሙያ ትበልጣለች፤ የእናቲቱን አነጋገር ታውቀዋለችና።

ተመልሶ መምጣት ራሱ የሰላም ፍሬ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2022 በቶንጎ የስደተኞች ሰፈር አጠገብ ውጊያ ተነሥቶ ከ10 ሺህ በላይ ስደተኞች ሰፈሩን ትተው ሸሽተዋል። ነገ የት እንደሚያድር ለማያውቅ ሰው «በሦስተኛው ቀን ተመለስ» ማለት ምክር አይደለም፤ እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ የሚያክመው ባለሙያ ቶሎ ወደ መስጠት ቢያዘነብል የሚወቅሰው ሰው መኖር የለበትም።

አንባቢ ሆይ፥ በሚቀጥለው ጊዜ ሳል ይዞህ ከሐኪም ፊት ስትቀመጥ የሚያስፈራህን ነገር ሳትደብቅ ንገረው፤ መድኃኒት ካዘዘልህም ምን ያህል እንደሚጠቅመኝ፣ ምን ያህል ሊጐዳኝ እንደሚችል፣ ባልወስደው ምን እንደሚሆን ንገረኝ ብለህ ጠይቀው፥ መብትህ ነው። አንተም ሐኪሙ፥ ሕመምተኛህ ምን እንደሚፈልግ አትገምት፤ ጠይቀው። ዳግመኛ አንባቢ ሆይ፥ ሳልህ ሁለት ሳምንት ካለፈው አክታህን አስመርምር። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅህ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ደረቱ ከተሰረጐደ ግን ሌሊትም ቢሆን ሳትቈይ ወደ ጤና ተቋም ውሰደው።